ከከሰል ጆንያ ጀርባ የተደበቀው አልጫ

ቆይ፣ ቆይ፣ ሳቄን ልጨርስ! ገና ወሬውን ሳልጀምር ሆዴን የያዝኩት ያ ጢም ፊቴ ላይ ድቅን ብሎብኝ ነው። የማን ጢም አትበሉኝ፤ እሱ ጋ ስንደርስ እናንተም ሆዳችሁን ትይዛላችሁ። ጣፋጩ ያለው እዚያ ነው። መጀመሪያ ግን ስለ እርድ ላውራ፤ እርድ ባይኖር ጢሙም እንደማንኛውም ጢም ተረስቶ ይቀር ነበር።

እርድን ሰው ይንቀዋል። በርበሬ ሲቀነጠስ ሰፈሩ ይሰበሰባል፣ ሲፈጭ ጎረቤት ሁሉ ያስነጥሳል፣ ሲነፋ ሴቱ ሁሉ «የዘንድሮው ቀለሙ ሲያምር!» ይላል። እርድ ግን አንዲት ጣሳ ውስጥ መደርደሪያ ጥግ ተቀምጦ፣ አለሁም ሳይል ይኖራል። የሚታወሰው ሰው ሲታመም ነው። ጉሮሮው የከረከረው በማር ለውሶ ይልሰዋል፣ ሳል የያዘው በትኩስ ወተት ይጠጣዋል፣ ቢላ የቆረጠው ቁስሉ ላይ ይነሰንሰዋል፣ ሆዱን የሚያቃጥለው ደግሞ «እስቲ አስካለ፣ አልጫ ሥሪልኝ» ብሎ ደጄን ያንኳኳል። ሻል ሲለው ወደ ቀይ ወጡ! እርዱንም እኔንም መንገድ ላይ ቢያገኘን ሰላም አይለንም። ሀኪም ነኝ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም ግማሹን እንቅልፍ ወስዶብኛል።

አልጫ ላይ ግን አትምጡብኝ። ሽንኩርቱ በቀስታ፣ ሳይቀላ ይቁላላ፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ይከተል፤ እርዱ ከዚያ በኋላ፣ በስሱ። ከበዛ ይመራል፤ ካነሰ ደግሞ ወጡ ራሱ የታመመ ሰው ይመስላል። እኔ ሥሩን ገዝቼ፣ አድርቄ፣ በሙቀጫ ወቅጬ ነው የምጠቀመው፤ ስለዚህ ጣቶቼ ከዓመት እስከ ዓመት ቢጫ ናቸው። ሳሙና በሉ፣ ሎሚ በሉ፣ ፍንክች አይልም።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት ውስጥ ምግብ ቤት ነበረኝ። ምግብ ቤት ካላችሁት ማለቴ ነው፤ ጥቂት ጠረጴዛ፣ ወደ አሰብ የሚወርዱ የከባድ መኪና ሹፌሮች፣ ከመንገዱ የሚገባ አቧራ፣ ከጀርባ አንዲት ጓዳ። ቤቱ የቀበሌ ነው። የኔ የነበረው ምድጃውና ምላሴ ብቻ ነው።

አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከች አለ። በዕድሜ ታናሽ ወንድሜ ይሆናል፤ ግን ሽጉጥ የታጠቀ ሰው አንቱ ሲባል ያምርበታልና በፊቱ አንቱ እለዋለሁ። እናንተ ፊት ምን አስፈራኝ?

«እትዬ አስካለ፣ ነገ ከበላይ አካል አንድ ጓድ ይመጣል። ምሳው እዚህ ነው» አለኝ።

«ደስ ይለኛል ጓድ ሊቀመንበር። አልጫዬን አሳምሬ...»

«አልጫ?» ግንባሩ ተቋጠረ። «ቢጫ ወጥ ጠረጴዛ ላይ እንዳላይ! ቢጫ ምንድን ነው? ቀይ አይደለ፣ ነጭ አይደለ። መሀል ሰፋሪ ነው!»

እንግዲህ በዚያ ዘመን መሀል ሰፋሪ መባል የዋዛ ነገር አልነበረም። ከአብዮቱ ጋር ነህ ወይስ በአብዮቱ ላይ ሲባል ቆም ብሎ ያሰበ ሰው ነበር እንደዚያ የሚባለው። ወጥ ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር አለና የመጣበትን ዋና ጉዳይ ጣል አደረገው። «ጓድ ተደስተው ከሄዱ ሥራሽን ትቀጥያለሽ። ካልተደሰቱ ግን ቤቱ የውይይት ክበብ ይሆናል። ቀበሌው ቦታ ጠቦታል።»

እህ! እኔ የማድረው ከዚያችው ጓዳ፣ የምበላው ከዚያው ድስት። ወዴት ልሂድ? ስለዚህ በማግስቱ ቤቱን ቀይ በቀይ አደረግሁት። ዶሮ ወጥ፣ ቀይ የሥጋ ወጥ፣ ምስር ወጥ፤ የዝዋይን ዓሣ እንኳ አዋዜ ውስጥ ነክሬ አቀላሁት። ሰላጣው ራሱ ቲማቲም በዝቶበት አብዮተኛ ሆነ።

አንዲት ሴት ብቻ እምቢ አለች። አዴ ጫልቱ ትባላለች፤ ወተት ልትሸጥልኝ ስትመላለስ ቆይታ እዚያው ወጥ ቤት አብራኝ የቀረች ናት። እኔ ዶሮውን ስበልት እሷ ከጥግ በኩል በግ በእርድ ቁጭ አድርጋለች።

«አንቺ ሴት፣ ልታስበዪኝ ነው?» ብላት፣

«ዋይ አስካለ! በርበሬ አይስማማኝም፤ ምን ልብላ? ሆዴ እንደሁ ካድሬ አይደለም!» አለችኝ።

ሊቀመንበሩ ለፍተሻ ሲመጣ የአልጫውን ድስት ከከሰሉ ጆንያ ጀርባ ወሸቅነው። የያንዳንዱን ድስት ክዳን እያነሳ፣ መሣሪያ የተደበቀ ይመስል ወጡን በጭልፋ እያገላበጠ አየና ረክቶ ወጣ።

ጓድ እንግዳው ደረሰ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ፊቱን ቋጥሮ የሚሄድ ሰው ነው፤ አፉን የሚከድን ሽበት የጣለበት ወፍራም ጢም አለው። የቀበሌው ኮሚቴ ግራና ቀኝ ተኮለኮለ። ሊቀመንበሩ ከዶሮው ወጥ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሰው። እንግዳው አላመጠ፣ ዋጠ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ጓድ ስሜታቸው ተነካ!» አለ ሊቀመንበሩ፣ አጨበጨበም። ኮሚቴውም አጨበጨበ። እንግዳው ሆዱን በክንዱ ደገፍ አድርጎ «እጄን ልታጠብ» አለና በጓሮ በኩል ወጣ።

ዞር ስል ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሟል! ያ ቁጡ ፊት እንደ ሕፃን ፊት ሆኗል።

«እህቴ፣ ወተት ይኖራል?» አለኝ በሹክሹክታ። «ጨጓራዬ ሊገድለኝ ነው።»

ወተት አሙቄ፣ እርድ ቆንጠር አድርጌ ሰጠሁት። ጭልጥ አደረገና እዚያው ቆሞ ወሬውን ያወርደው ጀመር። ሀኪም በርበሬ እንዳትቀምስ ብሎታል፤ ለሥራ የሄደበት ሁሉ ግን ዝዋይ ቀይ፣ አርሲ ነገሌ ቀይ፣ ሻሸመኔ ቀይ! «እኔ ራሴ መድረክ ላይ ወጥቼ ቆራጥነት ስሰብክ ውዬ፣ ምሳ ላይ አልጫ ስጡኝ ልበል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ያኔ ሰው የሚፈራውን እንጂ የሚወደውን አይበላም ነበር። ይህን እያለ አፍንጫው ወደ ከሰሉ ጆንያ ዞረ።

አዴ ጫልቱ ከጆንያው ጀርባ ድስቷን አወጣች፣ እንጀራ ዘረጋችለት።

እሱ አጎንብሶ ሲበላ ከበሩ ወዲያ የሊቀመንበሩ ድምፅ መጣ። ዘልዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ተመስገን፣ በር ለመዝጋት የሚበቃ ሰውነት አለኝ።

«ጓድ የት ገቡ?»

«እጃቸውን እየታጠቡ ነው።»

«ይህን ያህል ሰዓት? አኩርፈው ነው! ጓዲት አስካለ፣ ይሄ አሻጥር ነው። የቤቱን ቁልፍ አምጪ!»

ከኋላዬ አጥንት ሲጋጥ ይሰማኛል። አዴ ጫልቱ ድምፁን ልታጠፋ ስታስል፣ እሱ ሲግጥ፣ እሷ ስታስል... ሳቄን በጥርሴ ነከስኩት። ቁልፉን ግን ከመቀነቴ ፈታሁ። እውነቴን ነው፣ እዚያ ላይ ሳቁ ጠፋ። ሰጠሁት።

ወዲያው ጓድ እንግዳው በጓሮ ዞሮ ወደ ቤት ገባ። አሁን ነው ሳቁ! ያ ሽበታም ጢም ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆኗል፤ የመስከረም ሜዳ በሉት። እሱ አላወቀም። ሁሉም አየ። ማንም አላየም። የኮሚቴው ጸሐፊ ጣሪያውን ያይ ጀመር፣ ሌላው የጫማውን ክር ይፈታና ያስር ጀመር። ሊቀመንበሩ ጢሙን አየ፣ ጣቶቼን አየ፣ ተመልሶ ጢሙን አየ።

ቁልፉ ግን እጁ ላይ ነው፤ ኮሚቴውም እየጠበቀው ነው፤ መናገር ነበረበት። «ጓድ፣» አለ እየተንተባተበ፣ «ቀበሌያችን ይህን ቤት... የውይይት ክበብ ሊያደርገው አስቧል። የእርስዎን ይሁንታ...»

ጓድ እንግዳው ቁልፉን ተቀበለው። ግድግዳውን አየ፣ ወለሉን በጫማው መታ መታ አደረገ፣ ትንፋሹን ስቦ ወደ ወጥ ቤቱ በኩል አሸተተ። ከዚያ ሰተት ብሎ እኔ ወዳለሁበት መጣና ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ቢጫ ጢም ሥር የወጣውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገራችሁ፦

«ጓዶች፣ ይሄ ቤት ለውይይት ይጠባል። ለምሳ ግን ልክ ነው።»