ኮሶዬ ላይ የወደቁ አውሮፕላኖች

የጦርነት ቁጥር አላምንም። በሰላሙ ጊዜ ዕድሜውን አስተካክሎ የማይናገር ሰው፣ ሲዋጋ በምን ጸጋው እውነተኛ ቆጣሪ ይሆናል? እናንተም ባታምኑ ይሻላችኋል። ፒያሳ መንገድ ዳር መጽሐፍ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው የገዛሁት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አለኝ፤ ስለ ዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች የሚተርክ። ፋብሪካዎቹ አውሮፕላኑን እንደ ዳቦ ያወጡት ነበር ይላል። አንዱ አገር ይህን ያህል ሠራሁ ሲል፣ ጠላቱ ደግሞ ይህን ያህል ጣልኩበት ይላል፤ ሁለቱን ሳስተያያቸው የወደቀው ከተሠራው ሊበልጥ ምንም አልቀረው። ሦስት ሰው በአንድ አውሮፕላን ላይ ይተኩስና ሦስቱም "ጣልኩ" ብለው ይመዘገባሉ። አንዱ አውሮፕላን ሦስት ጊዜ ሞተ ማለት ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ጥይት ሳይነካቸው፣ ጉም ውጧቸው ወይም ሲያርፉ ጎማቸው ተሰብሮ የቀሩት ብዛት ነው። በእነዚህ የሚፎክር የለም። ጉም አይፎክርማ!

ይህ የፈረንጅ አመል ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ጎንደር አጠገብ፣ አክስቴ ደብሬ ያለችበት ኮሶዬ ለቅሶ መድረስ እስክጀምር ድረስ።

እንደምታውቁት አልቃሽ የሟቹን ብቻ ሳይሆን የአባቱንም ሙያ በግጥም ታነሳለች፤ ሙያውን ደግሞ ቀድማ ከዘመድ ትጠይቃለች። ኮሶዬ ላይ ሙያ ማለት በጣሊያን ጊዜ አውሮፕላን መጣል ነው። ለቅሶ በደረስኩ ቁጥር የአንዱ ሟች አባት በምንሽር አንድ አውሮፕላን ይጥላል፤ እኔም በሆዴ እቆጥራለሁ። መጽሐፌ እንደሚለው ከሆነ ግን ጣሊያን በመጨረሻ ጎንደር ላይ ተከቦ ሲቀር፣ የቀሩት አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ታዲያ ሌሎቹን ከየት አምጥተን ጣልናቸው?

የአክስቴ ባል አያ ታከለ ያረፉ ዕለት ሬሳው ሳይነሳ፣ አክስቴ ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

"አንቺ መጽሐፍ አንባቢ ነሽ፣ ቃልሽ ይሰማል። አማቴ አውሮፕላን ጥለዋል ብለሽ ለአልቃሿ ንገሪያት።"

"ጥለዋል እንዴ?"

"ምነው! የት አግኝተው ይጥላሉ! አዘዞ ላይ ለጣሊያን የአውሮፕላን ማረፊያ ድንጋይ ሲያነጥፉ ነው የከረሙ፤ በጅራፍ እየተገረፉ።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ታከለን ዕድሜውን ሙሉ 'የባንዳ ልጅ' ሲሉት ኖረዋል። ይህን ስም ይዞ አፈር እንዲገባ አልፈልግም።"

በሐሰት መመስከር አልወድም። ግን እንቢ የምልበት አንጀት ከየት ይምጣ? ወደ አልቃሿ ወደ እትዬ ስንዱ ሄድኩ። ለቀባሪ አረዱት ሆነብኝ፤ ገና "አውሮ..." ስል እጇን አነሳች።

"ተይኝ ልጄ! እኔ ብቻዬን በዚህ አፌ አሥራ አንድ ጥያለሁ። የጣልኩላቸው ሰዎች ራሳቸው 'ከአባታችን ወዲያ ለሌላ እንዳትጥይ' እያሉ ተቆጥተውኛል። የአውሮፕላኑ ነገር በቃ። ሌላ ሙያ ካለ አምጪ።"

"የአዘዞን ሜዳ ያነጠፉት የአያ ታከለ አባት ናቸው" አልኳት።

ፊቷ ተኮሳተረ። "ይኸ ደግሞ ይነገራል?"

"ቆይ! ድንጋዩን ሆን ብለው አጎርብጠው ነው ያነጠፉት። የሚያርፈው ሁሉ ጎማው እንዲሰበር።"

አጎርብጠው ይሁን አስተካክለው እኔ በምን አውቄ! ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ነው። በሰው ቁጥር ስሳለቅ የኖርኩት እኔ፣ ያን ዕለት ስንቱን አውሮፕላን በአንድ ጊዜ ጣልኩ። እትዬ ስንዱ አፍታ አሰበችና ወጥታ ድምጿን ለቀቀችው፤

"አንጥፍ ቢሉት ጊዜ አነጠፈላቸው፤
ክንፉም ሆነ ጎማው እዚያው ቀረባቸው።"

ለቅሶው ተናጠ። "የባንዳ ልጅ" ይሉ የነበሩት ሰዎች መሬት መሬት አዩ። አክስቴ ደረቷን እየመታች ቀና አለች፤ ባሏም በክብር ተቀበሩ።

ከዚያ ወዲህ ኮሶዬ ሦስት ለቅሶ ደርሻለሁ። ብታምኑም ባታምኑም፣ የሦስቱም ሟቾች አባቶች አዘዞ ላይ ድንጋይ አጎርብጠዋል። አያ ታከለን በመስደብ ማንም የማይቀድማቸው አያ ፈንቴ ሲያርፉማ፣ አባታቸው የአጎርባጮቹ አለቃ ሆነው ተገኙ። ትናንት ነውር የነበረ ድንጋይ ዛሬ ሹመት ሆነ። በዚህ አያያዛችን ያ ሜዳ ላይ እንኳን አውሮፕላን፣ ቁራም በደህና አላረፈም።

ከአያ ፈንቴ ቀብር ስንመለስ፣ ደስ ይላታል ብዬ "ይኸው አገር ሁሉ ከአማትሽ ጋር ተሰለፈ" አልኳት አክስቴን።

ነጠላዋን አጣፍታ ጥቂት ከተራመደች በኋላ ቆመች።

"እኔን የገረመኝ ሌላ ነው" አለችኝ። "አማቴ እስኪሞቱ ድረስ 'በዚያ ሐሩር ውኃ የሚያቀብለኝ አንድ የአገሬ ሰው አጣሁ' ሲሉ ነው የኖሩ። ይኸ ሁሉ ሰው እዚያ ከነበረ፣ ምነው አንድ ጉንጭ የሚሰጣቸው ጠፋ?"