የአህያዋ ሳል

ካሴቱን በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ ሳለሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። እሁድ ነበር፣ ከምሳ በኋላ። በሕልሜም ያንኑ ካሴት አጠነጥን ነበር፤ ክሩ ግን አያልቅም።

በካሴቱ ላይ ያለው የአባቴ የይመር ድምፅ ነው። አባቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ልጆች ሳለን ከሁሉ የምንወደው በእጅ የተሳለ አንድ ፊልም ነበር፤ ጎርፍ ውርንጭላዋን የወሰደባት አህያ ታሪክ። የፊልሙን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፣ አባቴ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ከራሱ እየፈጠረ በአማርኛ ይናገርላት ነበር። ሲታመም ቤቱ እንዳይዘጋ ብሎ ንግግሩን ሁሉ በካሴት ቀዳው። አህያዋ ወንዝ ዳር ቆማ «ልጄ፣ ብትመጣ እዚሁ ነኝ» የምትልበት ቦታ ላይ፣ መሃሉን የአባቴ ሳል ያቋርጠዋል። የሰፈሩ ልጆች አህያዋን ጎርፉ ውስጥ ብርድ መቷት ነው ብለን አመንን። አባቴ በዚያው ዓመት ሞተ።

አሁን ፊልሙ እውነተኛ በሚመስሉ እንስሳት እንደ አዲስ ተሠርቷል። አንድ ድርጅት የእንግሊዝኛውን ትርጉም ልኮ አማርኛውን እንድጽፍለት ጠይቆኝ ነበር፤ ሰኞ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለብኝ። እምቢ ልል ነበር። እኔ ከጻፍኩት ሌላ ሰው በድምፁ ያነበዋል፤ ከዚያ በኋላ አህያዋን በአባቴ ድምፅ የሚያስታውሳት አይኖርም።

በሕልሜ በራችን ተንኳኳ። ስከፍተው የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከነጣሪያው ደጃችን ተሰልፎ ቆሟል፤ ከኋላው ፖስታ ቤቱ፣ ከፖስታ ቤቱ ኋላ መናኸሪያው። ተራቸውን በትሕትና ይጠብቁ ነበር። ቀበሌው ስላስቸገረኝ ይቅርታ ጠየቀኝና ቪዲዮ ቤት እንደምፈለግ ነገረኝ።

ቪዲዮ ቤቱ ሞልቶ ነበር። አግዳሚዎቹ ላይ የተቀመጡት በእርሳስ የተሳሉ እንስሳት ናቸው፤ ስክሪኑ ላይ ያለነው እኛ ነን። ጎረቤታችን ልብስ ስታሰጣ ጦጣዎቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ያያሉ። ቀለሙ ከመስመሩ የወጣ አንድ ኤሊ ክራባቱን እያስተካከለ ቀረበኝ። በእጁ ላጲስ ይዟል።

«አባትዎ እንደ አዲስ ይሠራል» አለኝ። «የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው።»

«ምን ጎደለው?»

«ምንም። ግን አሮጌ ነው። የዛሬ ልጆች እንዲህ ያለ አባት አያዩም።»

«አሮጌውስ?»

«እሱማ አይጠፋም። የሚፈልገው አይኖርም እንጂ።»

ከዚያ አዲሱን አባቴን አስገቡት። የጢሙ ፀጉር አንድ በአንድ ይታያል፤ ነፋስ ሲነካው አንድ በአንድ ይንቀሳቀሳል። ሲያዝንም ሲስቅም ግን ፊቱ ያው ነበር። ኤሊውን ምክንያቱን ስጠይቀው፣ እውነተኛ ፊት ያን ያህል አይለዋወጥም ብሎ መለሰልኝ። ቢሆንም ለመፈረም እጄን ዘረጋሁ። ሲታመም ግድግዳ ይደገፍ የነበረው አባቴ አሁን ሳይደገፍ ቆሞ ነበርና።

«ይናገር» አልኩ።

አዲሱ አባቴ ጉሮሮውን እንኳ ሳይጠርግ «ልጄ፣ ብትመጣ እዚሁ ነኝ» አለ። ቃሉ አልተዛነፈም። ቤቱ ውስጥ ያሉት እንስሳት ሁሉ የሆነ ነገር እንደሚጠብቁ ጆሯቸውን አቆሙ። እኔም ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም።

ያኔ ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ አንድ ሳል ተሰማ። ዞር ስል የድሮዋ አህያ ናት። አርጅታለች፤ የተሳለችበት መስመር ይንቀጠቀጣል። ኤሊው ወረቀቱን አገላብጦ፣ ሲስሏት ሳል እንዳልነበራት በጽሑፍ እንደሚገኝ ነገራት።

«አልነበረኝም» አለች። «ከአባቱ ነው የያዘኝ።»

ደግማ ሳለች። ደግማ ስትስል ነቃሁ።

ሳሉ አልቆመም። ከሳሎን ይመጣ ነበር። ተነስቼ ሄድኩ። የስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ሐያት እናቴ ጭን ላይ ተጋድማ፣ ድርጅቱ የላከልኝን አዲሱን ፊልም በስልኬ ታያለች። አህያዋ ወንዝ ዳር ቆማ፣ ማናችንም በማናውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረች። ሐያት ፊልሙን አቆመችው፤ አፏን በእጇ ሸፈነችና ሳለች፤ ከዚያ ለቀቀችው። ወደ ኋላ መልሳ እንደገና እንዲሁ አደረገች።

«አሞሻል እንዴ?» አልኳት።

«እኔን አይደለም፣ እሷን ነው» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል። «ረስተውባት ነው።»

እናቴን አየኋት።

«እኔ ነኝ የነገርኳት» አለችኝ። «ደግሞ ቅድም አልቅሳለች። እናንተ ታለቅሱበት የነበረው ቦታ ላይ።»

ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ድርጅቱ የላከው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የአማርኛው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። የወንዙን ትዕይንት ፈልጌ «ልጄ፣ ብትመጣ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ በቅንፍ «ትስላለች» አልኩ። ከዚያ «እዚሁ ነኝ»።

የካሴቱ ክር የቀረው ሁለት ዙር ብቻ ነበር። በዚያው እስክሪብቶ አጠንጥኜ ጨረስኩት፤ ማኅደሩ ውስጥ ከትቼ ወረቀቱ ላይ አኖርኩት።