ኮሶ ነው ያልኩት የዓሣ ትል

ዛሬ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል፣ ቡሬ። አንድ ትል በማይክሮስኮፕ ታየ። ኮሶ አልነበረም።

አታምኑም አይደል? እኔም አላመንኩም ነበር!

ከሁለት ሳምንት በፊት እዚሁ ፔጅ ላይ «ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኮሶ ያለበት ዓሣ እየተሸጠ ነው» ብዬ ከነፎቶው ለጥፌ ነበር። እናንተም ሼር አደረጋችሁ። እግዜር ይስጣችሁ!

የሻጯን ስም አልጠቀስኩም። ግን በሰፈራችን ከእትዬ ትርንጎ ሌላ ዓሣ የሚጠብስ ማን አለ? ለዓመት የሚሆናቸውን የሚያገኙት ደግሞ በጾም ነው። አሁን ጾም ነው።

ሃያ ዓመት ዘገባ ስሠራ ሳላጣራ ጽፌ አላውቅም። ለዚህም ሦስት ምንጭ ነበረኝ። አንዱ ዓሣው ሲጸዳ ትሉን ያየው ደንበኛ ነው። ሁለተኛው ጓደኛው። ሦስተኛው «ይሄማ ኮሶ ነው፣ እኔን ጠይቀኝ!» ያለኝ ሥጋ ሻጭ።

ለካ ሁለቱም «ኮሶ» የሚለውን የሰሙት ከሥጋ ሻጩ ነው።

ሥጋ ሻጭ። በጾም።

(አዎ፣ አሁን ገባኝ።)

ትናንት እትዬ ትርንጎ ቤቴ ድረስ መጡ። «ጋዜጠኛው፣ እንደምን ሰነበቱ?»

እስከዚያ ቀን «አንተ ልጅ» ነበርኩ። አንቱታው ከስድብ በላይ ቆረጠኝ።

«ያንን ትል ስሙን ከሚያውቅ ሰው ዘንድ ይውሰዱልኝ» አሉ።

ደንበኛው ያመጣልኝን ትል አረቄ ውስጥ አቆይቼዋለሁ። ማስረጃ አልጥልማ! ዛሬ ጠዋት ጠርሙሱን ይዤ፣ ከእሳቸው ጋር በሚኒባስ ቡሬ ሄድን።

ስለ ዓሣ በሽታ የተማረችው ባለሙያ ስመኝ ትባላለች። ጠርሙሱን ከፍታ አሸተተች።

«አረቄ ነው እንዴ?»

«አዎ።»

«ጥሩ ነው። እኛም አልኮል ውስጥ ነው የምናቆየው።»

በዕለቱ ያገኘሁት ምስጋና ይኸው ብቻ ነው።

ከዚያ ጎንበስ ብላ አየች። «ጋሼ፣ ኮሶ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ነው፤ ብዙ ቁርጥራጭ የተያያዘበት ነው። ይሄ ድቡልቡል ነው፣ ጫፍና ጫፉ የቀጠነ። በእኛ አማርኛ የወስፋት ዘመድ ነው።»

የራሱን ጫፍ አየች፣ የአንጀቱን ቅጥያ አየች፤ ወገኑ ኮንትራሲከም እንደሚባል ነገረችን። ዝርያውንስ? «ሳልመረምር በዓይን ብቻ አልናገርም» አለች።

እኔ በስልክ ፎቶ ተናግሬ ነበር!

«የሚገኘው ዓሣው ልብ አጠገብ ነው» አለች። «ሲጸዳ ይወጣል። ዓሣው በደንብ ከተጠበሰም ትሉ ይሞታል።»

«እኔስ ስንት ዘመን እያወጣሁ የምጥለው እሱን አይደል?» አሉ እትዬ ትርንጎ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲህ ወስፋት ነው ተባለ። የስንቱን ሰው ወስፋት ዘጉት እርስዎ!»

ስመኝ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቴን አጨማድጄ ቆምኩ።

እንደተመለስን ማስተካከያ ለጠፍኩ፤ «ተሳስቻለሁ፣ ኮሶ አይደለም» ብዬ። የመጀመሪያው ኮሜንት፦ «ስለዚህ ትል አለበት ማለት ነው?» ሁለተኛው፦ «እትዬ ትርንጎ ዓሣ አቀመሱህ እንዴ?»

ሼር ያደረገው ግን የለም።

ወገኖቼ፣ ሦስት ሰው ከአንድ አፍ የሰማውን ቢነግራችሁ ስንት ምንጭ ብላችሁ ትቆጥራላችሁ? እኔ ሦስት ብያለሁ። በሃያ ዓመት ልምዴ!

ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም። በእትዬ ትርንጎ በር ላይ «ትኩስ ዓሣ» የሚለው ጽሑፍ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። በላዩ ላይ «ተጋቢኖ አለ» ተብሎ ተጽፏል።