የተከፈለበት ግንባር

[ቅዳሜ ከሰዓት። ከኬንቲሽ ታውን ወደ ክላፋም የሚወርደው የምድር ውስጥ ባቡር። ሳዶቅ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሷል። ጥላዬ የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ ነው። ሁለቱም ዋይት ሲቲ ካለው ትልቁ የገበያ ማዕከል ጥበቃ ናቸው፤ በአንድ ቤተክርስቲያን ነው የሚያመልኩት። በሩ ሲዘጋ ክርክሩ ተጀምሮ ነበር።]

ሳዶቅ፦ ብርቱካናማ ነው አልኩህ!

ጥላዬ፦ ቀይ ነው።

ሳዶቅ፦ ግንባሩ የማን ነው?

ጥላዬ፦ ያንተ።

ሳዶቅ፦ እና ስለ ግንባሬ ከኔ በላይ ታውቃለህ?

ጥላዬ፦ አንተ ግንባርህን አታየውማ። ፊት ለፊት ቆሜ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ሳዶቅ፦ ስማ ጥላዬ። ፎቶው ላይ ግንባሬ ላይ ያለው ቀለም ቀይ ከሆነ ጣጣ አለው። ብርቱካናማ ከሆነ ግን የፀሐይ ቅባት ነው ማለት ይቻላል። አሁን ቤታቸው ስንደርስ ፓስተር ኃይለ ሲጠይቁህ "ብርቱካናማ ነበር" ትላለህ። አለቀ።

ጥላዬ፦ ለምንድነው ግን የሚጠይቁኝ?

ሳዶቅ፦ ለምንድነው ይለኛል! ነገ ምንድነው?

ጥላዬ፦ እሁድ።

ሳዶቅ፦ ነገ ጉባኤው ፊት ቆሜ፣ እጅ ተጭኖብኝ፣ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ የምሆንበት ቀን ነው! ስንት ዘመን ወንበር ደርድሬ፣ ስንት ዘመን ማይክ ይዤ "ሄሎ፣ ሄሎ" ብዬ! አንተ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ደውለህ "ያቺን የቫራናሲዋን ፎቶህን ላክኋት" ትለኛለህ!

ጥላዬ፦ አዎ፣ ላክኋት። የላክኋት እኮ ለ...

ሳዶቅ፦ ዝም በል! እሱን እኔ ጨርሼዋለሁ። አንተ ዝም ብለህ ምስክር ሁነኝ።

ጥላዬ፦ እሺ።

ሳዶቅ፦ ጥፋቱ ደግሞ የሳሚር ነው። አለቃችን ነው፣ አግብቷል ብለን ህንድ ድረስ ሄድን። በልተን ጠጥተን ብንመለስ ምን ነበረበት? "የተወለድኩባትን ቅድስት ከተማ ቫራናሲን ሳታዩማ አትሄዱም" ብሎ የአንድ ቀን አስጎብኚ ቀጠረልን።

ጥላዬ፦ ጥሩ ሰው ነበር አስጎብኚው።

ሳዶቅ፦ ምን ጥሩ ሰው ነው! ፈጣን ነበር። በዚያ እንግሊዝኛ ደረጃውን ሲያስወርደን፣ ጀልባ ላይ ሲያስወጣን፣ ቤተመቅደስ ደጃፍ ሲያቆመን... እኔ ባልተረጉምልህ ምን ይገባህ ነበር?

ጥላዬ፦ ሰውየው ጣቱን ቀለም ነክሮ ሲመጣ ግን ግንባርህን ወደፊት የሰጠኸው አንተ ነህ።

ሳዶቅ፦ የከፈለ ሰው ምልክት መሰለኛ! ናይት ክለብ ስትገባ እጅህ ላይ ማህተም አይመቱብህም?

ጥላዬ፦ ናይት ክለብ ገብተህ ታውቃለህ እንዴ?

ሳዶቅ፦ [ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ] ጌታን ከማግኘቴ በፊት!

ጥላዬ፦ ከዚያ ደግሞ በላብህ ሲለቅ እየሮጥክ ተመልሰህ እንደገና አስደረግህ።

ሳዶቅ፦ መውጫው ላይ ኢንስፔክተር ቢይዘኝስ? ለንደን እኮ ነው የኖርኩት። ባቡር መግቢያ ላይ ካርድህን ታፕ አድርገህ መውጫ ላይ ካላደረግህ ምን እንደሚመጣብህ አውቃለሁ።

ጥላዬ፦ እኔ ምንም ቀለም አልነበረኝም። ማንም አልያዘኝም።

ሳዶቅ፦ አንተን ማን ይይዝሃል! ሲያዩህ ያዝናሉ።

[ባቡሩ ካምደን ላይ ይቆማል። ሰው ይገባል። ሳዶቅ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ባቡሩ ሲነሳ መልሶ ከፍ ያደርጋል።]

ሳዶቅ፦ ደግሞ አንተ ስለኔ ለማውራት አፍ አለህ? አስከሬን ይዘው ወደ ወንዙ ሲወርዱ ከኋላ ተሰልፈህ "እኔን! እኔን!" እያልክ ደረት የደቃኸው ማን ነው?

ጥላዬ፦ ሰው ሞቶ እጄን ኪሴ ከትቼ ልለፍ? እኛ ሰፈር ሬሳ ሲያልፍ ትንሽ እንኳን ካልሸኘህ ሰው አይደለህም።

ሳዶቅ፦ እዚያ እኮ አይለቀስም! እንባ የነፍስን መንገድ ይይዛል ነው የሚሉት። አስጎብኚው ተናግሯል።

ጥላዬ፦ አንተ እንደሱ ብለህ አልተረጎምክልኝም። "ቤተሰቡ ሰው አንሶታል፣ አግዟቸው ይላል" ነው ያልከኝ።

ሳዶቅ፦ ሰውየው ይፈጥናል አልኩህ እኮ! መሃል መሃሉን እኔ ነኝ የምሞላው።

ጥላዬ፦ ግድ የለም። የሟቹ ልጅ ይዞኝ ሄዶ በሸክላ ስኒ ሻይ ጋበዘኝ። አሁንም አልፎ አልፎ "እንዴት ነህ" ብሎ ይጽፍልኛል።

ሳዶቅ፦ በል ተወው። መብራቷን አስታወስካት? በቅጠል የተሠራች፣ አበባና ሻማ ያለባት?

ጥላዬ፦ ለጸሎት ወንዙ ላይ የሚለቋት?

ሳዶቅ፦ ጨልሞ ነበር፣ ጀልባው አምፖል የለውም። ለማየት እንድንችል የሰጡን መሰለኝ። ይዣት ቁጭ አልኩ። ሌላው ሁሉ እየለቀቀ አስጎብኚው "ልቀቃት" ሲለኝ ምን አልኩት?

ጥላዬ፦ "ወንዝ ላይ ቆሻሻ አልጥልም፣ ቴምስ ላይ ብጥል ይቀጡኛል" አልከው።

ሳዶቅ፦ ይኸው! ይሄን ለፓስተር ንገር። እምቢ ማለቴን ንገር!

ጥላዬ፦ ሻማው አልቆ እጅህን ሲያቃጥልህ ግን ጮኸህ ወረወርካት።

ሳዶቅ፦ እሱን አትንገር።

[ዩስተን። ሳዶቅ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጥቁሩን ስክሪን ለጥላዬ ያሳያል።]

ሳዶቅ፦ ይሄን ታያለህ? ጠርቅሜ ዘግቼዋለሁ። የጠዋቱን ስልክህን እንደዘጋሁ ቀድሜ መደወል ጀመርኩ። ወሬ ካንተ ከቀደመ አበቃልህ። ደውዬ፣ አስተባብዬ፣ ጥርቅም! አሁን መልሶ ሊጠይቀኝ የሚችል የለም።

ጥላዬ፦ ለማን ደወልክ?

ሳዶቅ፦ መጀመሪያ ለእህት ሶልያና።

ጥላዬ፦ ውይ! ለሶልያና መንገር እኮ ትራፋልጋር አደባባይ ቆሞ በማይክ መለፈፍ ነው።

ሳዶቅ፦ ለዚህ እኮ ነው! ለሷ ከነገርክ ሌላው ጋ አትለፋም። "አንድ ፎቶ ይደርስሽ ይሆናል፣ በኤአይ የተሠራ ነው፣ የጠላት ሥራ ነው" አልኳት።

ጥላዬ፦ ጠላት ማለት ማን ነው?

ሳዶቅ፦ ስም አልጠራሁም።

ጥላዬ፦ ፎቶውን ያነሳሁት እኮ እኔ ነኝ።

ሳዶቅ፦ ለዚያ ነው ስም ያልጠራሁት። ቀጥሎ ለወንድም ኪዲ ደወልኩ። ኪዲ ደግሞ አይቲ ነው የሚሠራው፤ ኤአይ ካልከው ቼክ ያደርገዋል። ስለዚህ ለሱ "እኔ አይደለሁም፣ የሚመስለኝ ሰው ነው" አልኩት።

ጥላዬ፦ ቫራናሲ ውስጥ?

ሳዶቅ፦ ሰው ሰውን አይመስልም?

ጥላዬ፦ የኛን መሥሪያ ቤት የጥበቃ ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ?

ሳዶቅ፦ [ደንግጦ] ባጄ ይታያል እንዴ?

ጥላዬ፦ ስምህ ሁሉ ይነበባል። "ዲስካውንት ቢኖረው" ብለህ ነው እኮ አድርገኸው የዋልከው።

ሳዶቅ፦ ...እሺ። ሦስተኛ ለፓስተር ባለቤት፣ ለእህት ዘቢብ ደወልኩ። ለሳቸው ግን፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ መዋሸት ከበደኝ።

ጥላዬ፦ ጎሽ። እውነቱን ነገርካቸው?

ሳዶቅ፦ "ወንጌል ልሰብክ ነው የሄድኩት፤ ሕዝቡን ለመቅረብ ብዬ ነው የተቀባሁት" አልኳቸው።

ጥላዬ፦ እና አልዋሸህም?

ሳዶቅ፦ ለመንፈሳዊ ነገር የተጠጋ ነው። በል አሁን እንለማመድ። እኔ ፓስተር ነኝ። [ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አገጩን ወደ ደረቱ አስጠግቶ፣ የፓስተሩን ቀስታ ድምፅ እያስመሰለ] "ወንድሜ ጥላዬ... እስቲ... በጌታ ፊት... ፎቶው ላይ ያለው ማን ነው?"

ጥላዬ፦ በኤአይ የተሠራ ሰው ነው።

ሳዶቅ፦ "ጎሽ። እና... ሳዶቅን ለምን መሰለ?"

ጥላዬ፦ ሳዶቅን የሚመስል ሰው ስለሆነ።

ሳዶቅ፦ "ታዲያ... እዚያ ምን ያደርጋል?"

ጥላዬ፦ ወንጌል ይሰብካል።

ሳዶቅ፦ [በራሱ ድምፅ] ማነው ወንጌል የሚሰብከው? ኤአዩ?

ጥላዬ፦ እኔ ምን አውቃለሁ? ከሦስቱ አንዱ ነዋ።

ሳዶቅ፦ ኧረ ቀጥል! "እጁን ደግሞ... ለጸሎት አጋጥሟል። ለማን ነው የሚጸልየው?"

ጥላዬ፦ እየጸለየ አይደለም። ያ ማር የጠጣ ጣፋጭ፣ ልክ የሐረሩን ሙሸበክ የሚመስለው፣ ሲጠቀልል ጣቱ ተጣብቆበት ነው። ጉንጩም ያበጠው ስላልዋጠው ነው።

ሳዶቅ፦ ሙሸበኩን አታንሳ! ሆዳም ልታስብለኝ ነው? እጄ ለወንጌል ነው የተጋጠመው!

ጥላዬ፦ እሺ፣ ለወንጌል።

ሳዶቅ፦ "ሊሰማው... የቀረበ ነፍስ ነበር?"

ጥላዬ፦ አንዲት ላም ቀርባ ነበር።

ሳዶቅ፦ ጥላዬ!

ጥላዬ፦ ፎቶው ላይ አለቻ! አንገትህ ላይ ያጠለቁልህን የአበባ ጉንጉን እየበላች። "ሂጂ" ብትላት እግርህን ረግጣ ቆመች። አማርኛ አትሰማ።

[ሳዶቅ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ያስደግፋል። ባቡሩ ለንደን ብሪጅን ያልፋል።]

ሳዶቅ፦ ቆይ፣ አንተን ለምንድነው ያልቀቡህ? ሁላችንም አንድ ላይ አልነበርንም?

ጥላዬ፦ አስጎብኚውን ጠየቅኩት።

ሳዶቅ፦ በምን እንግሊዝኛ?

ጥላዬ፦ በጣቴ። ግንባሬን አሳየሁትና "ምንድነው?" አልኩት። ቀስ ብሎ አስረዳኝ፤ ምርቃት ነው፣ የፈለገ ይቀበላል፣ ያልፈለገ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያልፋል አለኝ። እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ሰውየው ፈገግ ብሎ አለፈኝ።

ሳዶቅ፦ ይሄን እያወቅክ ዝም አልከኝ?!

ጥላዬ፦ ልነግርህ ስመጣ "ሰውየውን አትጠይቅ፣ አገር አይተን የማናውቅ ታስመስለናለህ" አልከኝ። ከዚያ ደግሞ ለሁለተኛው ቀለም እየሮጥክ ነበር።

[ክላፋም ኮመን። ወርደው ወደ ላይ ይወጣሉ። ከጣቢያው በር ላይ ሳዶቅ ክራባቱን ያስተካክላል።]

ሳዶቅ፦ እሺ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፣ እንድዘጋጅ። ግሩፑ ላይ ስትለቃት ስንት ሰው አይቷት ነበር?

ጥላዬ፦ የምን ግሩፕ?

ሳዶቅ፦ የቤተክርስቲያኑ ነዋ! ፎቶዋን የላክህበት።

ጥላዬ፦ ኧረ ለሳሚር ነው የላክኋት። የሰርጉን አልበም እያዘጋጀ ነው፤ "የሳዶቅን አስቂኟን ላክልኝ" አለኝ። ልነግርህ ስል ዘጋኸው።

[ሳዶቅ በሩ መሃል ቀጥ ይላል። ከኋላው የሚመጣ ሰው ይጋጨውና "ሶሪ" ብሎ ያልፋል።]

ሳዶቅ፦ ለሳሚር ብቻ?

ጥላዬ፦ ብቻ።

ሳዶቅ፦ [ፊቱ እየበራ] ስለዚህ ከኛ ቤተክርስቲያን እንዲህ ያለ ፎቶ መኖሩን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም!

ጥላዬ፦ አለ እንጂ። ሶልያና፣ ኪዲ፣ እህት ዘቢብ...

ሳዶቅ፦ [ፊቱ እየጨለመ] እነሱማ... እኔ...

ጥላዬ፦ ፓስተርም።

ሳዶቅ፦ ፓስተርማ ገና አልሰሙም! ልንነግራቸው አይደል የምንሄደው?

ጥላዬ፦ ኧረ እሳቸውማ ያኔ ከህንድ እንደተመለስን አይተዋታል። ቤታቸው ሻይ ስንጠጣ ስልኬን አሳየኋቸው። "የከፈለ ሰው ምልክት መስሎት ነው፣ ሲለቅበት ሮጦ አስደገመ" ስላቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ "ይሄ ሰው ብዙ ይናገራል እንጂ ተንኮል የሚባል የለበትም። ሽማግሌ ቢሆን ምን ይመስልሃል?" አሉኝ። ስምህ የተነሳው በዚያች ፎቶ ነው እኮ።

ሳዶቅ፦ [በቀጭን ድምፅ] እና ለምን አልነገርከኝም?

ጥላዬ፦ ሚስጥር ነው ብለውኝ ነበር። ከዚያ ሲነገርህ ደግሞ "በዕውቀቴ ነው የመረጡኝ" ስትል ደስታህን ላበላሽ አልፈለግሁም።

[ሳዶቅ ስልኩን ይከፍታል። ስልኩ ይንጫጫል፤ አያቆምም። ጥላዬ አንገቱን አስግጎ አብሮ ያያል።]

ጥላዬ፦ ሶልያና ግሩፑ ላይ ጽፋለች። "ቅዱሳን፣ የወንድም ሳዶቅን የኤአይ ፎቶ ያላችሁ እባካችሁ ላኩልኝ፣ ልጸልይበት ነው።" ኪዲ ደግሞ መልሶላታል፤ "ኤአይ አይደለም፣ መንትያው ነው።"

ሳዶቅ፦ መንትያ አላልኩም!

ጥላዬ፦ መሃል መሃሉን ሞልቶት ይሆናላ። ይሄ ደግሞ የፓስተር ነው። ላንብብልህ?

ሳዶቅ፦ አታንብበው።

ጥላዬ፦ [ያነባል] "ወንድም ሳዶቅ፣ ሰላም ይብዛልህ። እህት ሶልያና በማሽን የተሠራ ሳዶቅ አለ ትላለች። ወንድም ኪዲ ሌላ ሳዶቅ አለ ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ህንድ አገር የሚሰብክ ሳዶቅ አለ ብላ መባ ልታሰባስብለት ነው። ነገ እጅ የምንጭነው በየትኛው ላይ እንደሆነ ብታሳውቀን።"

[ሳዶቅ አጠገቡ ያለው አጥር ላይ ይደገፋል።]

ሳዶቅ፦ ምን ብዬ ልመልስ? አንተ ንገረኝ እስቲ።

ጥላዬ፦ አራተኛ አለ በላቸው። አፉን ሞልቶ የሚያኝክ፣ ላም እግሩን የረገጠችው፣ ምን እንደሚቀቡት ሳይጠይቅ የተቀባ።

ሳዶቅ፦ እሱን ቂል ማን ሽማግሌ ያደርገዋል?

ጥላዬ፦ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስማ የመረጡት እሱን ነበር።