የሚስስ ሩት ልደት

አጥባቂ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ምግብ ሲቀርብለት መጀመሪያ ሕጉን የሚጠይቅ፣ ዘመድ ሁሉ ቀስ በቀስ የሚሸሸው ሰው ማለቴ ነው። እኔ አንዷን ሚኒያፖሊስ አገኘሁ፤ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸውን አይሁዳዊት አዛውንት፣ ሚስስ ሩትን።

ሰማንያ ዓመት ሲሞላቸው፣ በአይሁድ ሕግ የሚያበስል ውድ ሬስቶራንት ውስጥ ለአራት ሰው ቦታ አስያዙ። ድራይቭ አድርጌ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ልጆቻቸው ግን ደውለው፣ "የዚያ ቤት ምግብ አይጣፍጠንም፤ ሌላ ቦታ እንገናኝ" አሏቸው። እሳቸው ደግሞ ሌላ ቦታ አይበሉም።

"በል፣ አንተ ተቀመጥ" አሉኝ።

ቀኑ ረቡዕ ስለነበር ድንች ብቻ አዘዝኩ። "አደራ፣ ያለ ቅቤ" አልኩት አስተናጋጁን።

"ሥጋ በሚቀርብበት ቤት ቅቤ አይገባም" አለኝ፣ ቅዳሴ መሀል ያወራሁ ይመስል ትክ ብሎ እያየኝ።

ለሚስስ ሩት ትልቅ የጎድን ሥጋ በክብር ቀረበላቸው።

"አንተ ለምን ሥጋ አትበላም?" አሉኝ።

"ጾም ነው።"

"ቤትህ ማን አብሮህ ይጾማል?"

ልጆቼን አሰብኩ። ኮሎምቢያ ሃይትስ ባለው ቤታችን ረቡዕ የፒዛ ቀን ነው።

"ባለቤቴ ትጾም ነበር፤ አረፈች" አልኳቸው።

እሳቸውም ያልነኩትን ሥጋ ወደ አስተናጋጁ ገፋ አድርገው፣ "ይሄን ጠቅልልልኝ፤ ለእኔም ድንች አምጣልኝ" አሉት።

"ልደትዎ እኮ ነው" አልኳቸው።

"ልደቴ ስለሆነማ ነው" አሉኝ።

ድንቹ ጨው አንሶት ነበር። ሁለታችንም አንዲት ፍሬ አላስተረፍንም።