የሊቀ ትዕግሥት ሁለት ጉድጓዶች

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የማይቸኩል ሰው አለ፤ ከጎኑ ደግሞ በንዴት የሚያረጅ አንድ ባልደረባ። በእኛ ቤተ ሙከራ የማይቸኩለው ክቡር ሊቀ ትዕግሥት ነው። የሚያረጀው እኔ ነኝ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ቢሉት «ምን አስቸኮለው?» የሚል ሰው ነው። ካፌ ሲሰለፍ የመጣውን ሁሉ ያሳልፋል፤ እኔ ተጋፍቼ የደረቀ ዳቦ ይዤ እወጣለሁ፣ የእሱ ተራ ሲደርስ ትኩሱ ይመጣል። እናቴ እንኳ አንድ ቀን ልትጠይቀኝ መጥታ እሱ ሻይ ቢቀዳላት፣ «አንተ ለምን እንደሱ አትሆንም?» አለችኝ። የገዛ እናቴ!

ሥራችን ከቅጠል በሺህ እጥፍ የሳሳ ሽፋን ክፉኛ አቀዝቅዞ፣ ላዩ ያሉት ኤሌክትሮኖች እስኪሰክኑ መጠበቅ ነው። ሽፋኑ ወጣ ገባ ነው፣ እነሱም እርስ በርስ ይገፋፋሉ። የሞላ ሚኒባስ ውስጥ የኋላው ሰው «ወራጅ አለ» ሲል እንደሚሆነው፣ አንዱ ሲነሳ ሁሉም ይተራመሳል። ቦታ ቦታቸውን እስኪይዙ ሳምንታት ይፈጃል። እኔ በሦስተኛው ቀን ለክቼ እገላገላለሁ። እሱ «ገና አልሰከነም» ይላል። አለቃችን የሱን ግራፍ ሲያዩ «እሰይ!» ይላሉ፤ የኔን አይተው «አንተም ገና አልሰከንክም» አሉኝ። ቅናት አንጀቴን አሳረረው።

ይባስ ብሎ አንድ ቋሚ የሥራ ቦታ ተገኘ፣ ከሁለታችን ለአንዳችን። የእሱ ናሙና አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ በአንድ ቮልቴጅ ላይ ተቀምጧል። ምሳ ሲወጣ ተነስቼ የቮልቴጁን ማዞሪያ ወደ ሌላ ቁጥር ጠመዘዝኩት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ እኔው ነኝ። ሊመለስ ሲል ወደነበረበት መለስኩት። ማን ያያል?

ለካ ኤሌክትሮን አይረሳም! ሊቀ ትዕግሥት ቮልቴጁን ከዳር እስከ ዳር እየቀያየረ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ሲለካ፣ ኤሌክትሮኖቹ በሰከኑበት ቮልቴጅ ሁሉ ግራፉ ይሰረጉዳልና ሁለት ጉድጓድ ወጣ። አንዱ ጥልቅ ነው፣ አሥራ ስምንት ቀን የተቀመጠበት። ሌላው ትንሽዬ፣ እኔ ያቆየሁበት።

«ይቺ የአንድ ሰዓት ናት» አለ ጉድጓዷን በጣቱ እየነካ። «የምሳ ሰዓት።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አለቃችን መጥተው «ይሄን ማን ሠራው?» ሲሉ ግን፣ «አብረን ነው» አለ። «ሽፋኑ ሁለቱንም ቦታ ያስታውሳል። ብቻዬን ብሆን አላየውም ነበር።»

የግኝቱ ጽሑፍ በሁለታችን ስም ወጣ። የሥራ ቦታውን እሱ አገኘ፤ ይገባዋል፣ ምን ያደርጋል! እኔም በደግነቱ ጭምር ስቀናበት ከረምኩ። በአራተኛው ወር አላስቻለኝም፣ ቢሮው ገባሁ።

«ያን ዕለት ሥራህን ላበላሽብህ ብዬ ነው ያዞርኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነበር እኮ፣ ወንድሜ።»

አራት ወር ሙሉ! እንዲህ ያለውን ሰው አለመውደድ አቃተኝ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እስክጨርስ ጠበቀኝ።