ሰላሳ አራት ኪሎ ሳንቲም

የዘንድሮ ገንዘብ ክብደት የለውም። ስልካችሁን አውጥታችሁ ጣታችሁን ጫን ስታደርጉ አስር ሺህ ብር ከሮቤ ተነስቶ አዲስ አበባ ይገባል። ጆንያ የለ፣ ተሸካሚ የለ፣ ላብ የለ። ጎረቤቴ ደመወዟ ሲገባ ስልኳ "ጢን" ይላል፤ ሲወጣ ግን ድምፁንም አያሰማም፣ እንደ ድመት ነው ሹልክ የሚለው። ታዲያ ገንዘብ ክብደት የለውም ብሎ የለመደ ሰው፣ የሚከብድ ገንዘብ ይዛችሁ ስትመጡ ያበደ ሰው እንዳየ ነው የሚያያችሁ። እኔን እንደዛ ነው ያዩኝ። ይኸው ስንት ጊዜ ሆነኝ፣ እስካሁን ንዴቱ አልለቀቀኝም። ሐኪሙ ጨው ቀንሺ አለኝ። ጨው ምን አደረገኝ? እኔን ያቃጠለኝ ሚዛን ነው!

እንግዲህ የሚያውቁኝ ያውቁኛል፤ ወሬ ላይ እጨምራለሁ። ሶስት ሰው ካየሁ ሰላሳ ነው የምለው። ውሻ ካባረረኝ ጅብ ነው። ሚዛን ላይ ግን አልጨምርም። ስለዚህ ሰው ስቆጥር አትመኑኝ፣ ኪሎ ስቆጥር እመኑኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የሰፈራችን የሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። የእድራችን ድንኳን አርጅቶ፣ ተቀዶ፣ ተጠግኖ፣ እንደገና ተቀዶ፣ ከድንኳንነት ወደ ወንፊትነት ተዛውሯል። የሮቤን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ከሳኔቲ ተራራ በኩል ብርዱን አስከትሎ ሲወርድ ለቀስተኛው ለሟቹ ይሁን ለራሱ እንደሚያለቅስ አይለይም። ስለዚህ አዋጥተን ሻሸመኔ ለሚገኝ ድንኳን ሰፊ አሰፋን። ድንኳኑ አለቀ። አምስት ሺህ አምስት መቶ ብር ቀረብን። ከመዋጮው በእጃችን የቀረው አምስት ሺህ።

ሰውየው ግን ወንድሙ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነው። የሻሸመኔ ታክሲ ደግሞ ዝርዝር አጥቶ መልስ በማስቲካ ሆኗል። "አምስት ሺውን በባለ አንድ ብር ሳንቲም ከላካችሁልኝ አምስት መቶውን እምራችኋለሁ" አለን። "ግን እስከ ሐሙስ ማታ ካልደረሰኝ ሌላ እድር ጥሬ ብር ይዞ ቆሞልኛል፣ እሸጠዋለሁ።"

ሳንቲሙን እንዴት እንደሰበሰብነው ብነግራችሁ ይመሻል። ከባጃጁ፣ ከሱቁ፣ ከየልጁ ቆርቆሮ፤ አንዲት አባላችን እንኳ ከባሏ የእሁድ ልብስ ኪስ አርባ ሰባት አምጥታለች። እኔ መቶ መቶውን ቆጥሬ በፌስታል ቋጠርኩት። ሃምሳ ቋጠሮ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፣ የእድሩ ዳኛ እትዬ ዘነበችም አላመነችኝምና ሶስተኛ ቆጠረች።

"ቆጠርሽ፣ ጥሩ" አለችኝ እትዬ ዘነበች። "የጭነቱ ሂሳብስ? ከምሕረቱ በላይ ቢሆንስ?"

እውነቷን ነው። መነኸሪያው አጠገብ ያለው ጭነት ተቀባይ በኪሎ አስር ብር ነው የሚያስከፍለው፣ ለጫኚ ደግሞ ሃምሳ። ጭነቱ አምስት መቶ ካለፈ ምሕረቱ ምሕረት አይደለም። ስለዚህ ሳልጭን ክብደቱን ማወቅ ነበረብኝ። ግን ያንን ጆንያ ማን ተሸክሞ ለመመዘን ይዞራል? ሲያዩት የታረደ በግ ያክላል፣ ሲያነሱት ግን በሬ ነው።

አንዱን ቋጠሮ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ጎባ ሄድኩ። ጎባ ወርቅ የሚሰሩ ሐጂ ከድር የሚባሉ የድሮ ወዳጄ አሉ፤ ሚዛናቸው የስንዴ ፍሬ ቢወድቅበት ይደነግጣል። የሰው ወርቅ እየመዘኑ አርባ ዓመት ኖረው አንድ ቀን ከሰው ጋር አልተጣሉም። እንደዚህ ያለ ሰው ዛሬ ሙዚየም ነው የሚገባው።

"አካም ጅርቱ ሸዋዬ! ወርቅ አመጣሽልኝ?"

"ሳንቲም ነው ሐጂ። መቶ ነው፣ ይመዝኑልኝ።"

አልሳቁብኝም። መዘኑ። ስድስት መቶ ሰማንያ ግራም። ፌስታሉን ለብቻው መዘኑት፣ እንደሌለ ቁጠሪው አሉኝ። ከዚያ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጬ በጣቴ ሂሳቤን ሰራሁ፤ መቶው ስድስት መቶ ሰማንያ ግራም ከሆነ ሺው ስድስት ኪሎ ከስምንት መቶ ነው፣ አምስት ሺው ሰላሳ አራት ኪሎ። ጆንያውን ጨምሩበት፣ ለክፉም ለደጉም ሰላሳ አምስት በሉት። ሶስት መቶ ሃምሳ ብር፣ ለጫኚ ሃምሳ፣ ድምር አራት መቶ። እትዬ ዘነበች ከእድሩ ሳጥን አራት መቶ ብር ቆጥራ ሰጠችኝ። አንዲት ብር አልጨመረችም። "ለሻይ" ብዬ ነበር፣ አልሰማ አለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጆንያዬን በጋሪ አስጭኜ ሄድኩ። የሰውየውን ስም አልጠራም፤ ባለሚዛኑ ልበለው። ከፊት ለፊት ጭነት ይቀበላል፣ ከኋላ መጋዘኑ ውስጥ ከገበሬ ስንዴ ይገዛል። ከፊት አንድ ሚዛን፣ ከኋላ አንድ ሚዛን። መሀል ላይ እሱ፣ ሆዱን አስቀድሞ። ሚዛን ላይ ቢወጣ ሁለት ኩንታል ይሆናል። እሺ፣ አንድ ይሁን።

ጆንያዬን ሁለት ጎረምሶች አንስተው ፊተኛው ሚዛን ላይ ጣሉት።

"አርባ ስድስት" አለ ባለሚዛኑ። "አራት መቶ ስልሳ፣ ከጫኚ ጋር አምስት መቶ አስር።"

"ልጄ፣ ሰላሳ አራት ከምናምን ነው።"

"እማማ፣ ሚዛኑ ነው የሚያውቀው።"

"ሳንቲም እኮ ነው፤ የተቆጠረ ነው። መቶው ስንት እንደሚመዝን ጎባ አስመዝኜ..."

"ሳንቲም ሲጠራቀም ይከብዳል።"

ሰማችሁት? ሲጠራቀም ይከብዳል! ለብቻው ሲሆን ስድስት ግራም ከምናምን ነው፣ ጓደኛ ሲያገኝ ይወፍራል ማለት ነው። ይህም አልበቃው ብሎ ጨመረበት፤ "ደግሞ ሰሞኑን ዝናብ ነው፣ እርጥበት ይስባል።"

"ብረት ነው ወይስ ስፖንጅ ነው?" አልኩት።

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ጭነቱን የሚወስደው የሻሸመኔ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፋ፤ ረዳቱ "ሻሸ! ሻሸ! ጨርሱ!" እያለ ይጮሃል። እኔ በጭብጤ ውስጥ አራት መቶ ብር፣ በልቤ ውስጥ ድንኳን፣ በጭንቅላቴ ውስጥ እትዬ ዘነበች።

ዘወር ስል መጋዘኑ ውስጥ አንድ ገበሬ አየሁ። ኦቦ ቱፋ ይባላል፣ ከገሰራ ነው፤ ስንዴውን ኋለኛው ሚዛን ላይ አስቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ይህ ሚዛን ደግሞ ምን ይላል ብዬ አሰብኩ። ክፋት አልነበረብኝም፤ እሺ፣ ትንሽ ነበረብኝ።

"ኦቦ ቱፋ፣ ስንዴህን ለአንድ ደቂቃ አውርድልኝ።"

ባለሚዛኑ "እሱ የግዢ ሚዛን ነው! የጭነት አይደለም!" ብሎ ሮጠ። በዚያ ሆድ መሮጡ ራሱ ገረመኝ። ኦቦ ቱፋ ግን ጆንያዬን ብቻውን አንስቶ ጣለው።

ሃያ ሰባት።

አንድ ጆንያ ነው። ያው ሳንቲም፣ ያው ቋጠሮ። ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ሚዛን ምናልባት አስር እርምጃ ነው። በአስር እርምጃ አስራ ዘጠኝ ኪሎ ከሳ! እንደዚያ የሚያከሳ መንገድ ቢኖር ልጄ በየቀኑ ትመላለስበት ነበር። የናንተን ዕቃ ሲጭን ይከብዳል፤ የናንተን ሲገዛ ይቀላል።

ኦቦ ቱፋ የሚዛኑን ቁጥር አየ። እኔን አየ። እንደገና ቁጥሩን አየ።

"አዴ፣ እውነተኛው ስንት ነው?" አለኝ፤ አዴ እናት ማለት ነው።

"ሰላሳ አራት ከግማሽ አይሞላም። በሐጂ ከድር ሚዛን።"

"ኩን ማሊ?" አለ ወደ ባለሚዛኑ ዞሮ። ይሄ ምንድነው ማለቱ ነው፤ ግን ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ሲጮህ ይሻል ነበር። ከዚያ ለኔ በአማርኛ ነገረኝ። እቤቱ መቶ ኪሎ ነው ብሎ የሚያስረው ኩንታል እዚህ ሲደርስ በየዓመቱ ሰባ ስምንት፣ ሰባ ዘጠኝ ነው። "መጀመሪያ አይጥ ነው አልኩ። ድመት ገዛሁ። ከዚያ..." አለና ቆመ። "ከዚያ ሚስቴን ጠረጠርኩ አዴ። በድብቅ ትሸጣለች ብዬ። ሶስት ዓመት ቁልፉን እኔ ነኝ የምይዘው።"

እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ስንዴውስ ስንዴ ነው። ሴትዮዋ ሶስት ዓመት በገዛ ቤቷ ቁልፍ ተነጥቃ፣ ሌባ ተብላ የኖረችው በዚህ ብረት ምክንያት ነው!

ባለሚዛኑ ሰው መሰብሰቡን ሲያይ ድምፁ ማር ሆነ። ጠጋ ብሎ "እማማ፣ ለርስዎ ሰላሳ አምስት ይሁንልዎ። አራት መቶ ይክፈሉኝና መኪናው ሳያመልጥዎ ልጫንልዎ" አለኝ።

ለርስዎ! እውነቱን እንደ ቅናሽ ሰጠኝ! እንደ ምርቃት! እንድስመው ነበር የፈለገው።

ግን ልንገራችሁ፣ እጄ ተዘርግቶ ነበር። አልዋሻችሁም። አራት መቶው ብር ግማሽ መንገድ ሄዷል። ድንኳኑ ይመጣል፣ እትዬ ዘነበች አፏን ትዘጋለች፣ ሁሉም በቤቱ። ኦቦ ቱፋም "ይሂዱ አዴ፣ መኪናው ያመልጥዎታል፤ እኛ የራሳችንን እንጨርሳለን" አለኝ። ቢቆጣኝ ኖሮ እሄድ ነበር። ይሂዱ ሲለኝ ግን አቃተኝ።

"ጆንያዬን አምጣው" አልኩ። "ገመድና ወፍራም እንጨት ፈልጉ።"

እንጨቱን መሀሉን አስረን ከመጋዘኑ ጣሪያ ማገር ላይ ሰቀልነው። በአንዱ ጫፍ የኔ ሳንቲም፣ በሌላው ጫፍ ባዶ ጆንያ። ኦቦ ቱፋ እንጨቱ ቀጥ እስኪል ስንዴውን ይሞላል፣ ይገለብጣል፣ እንደገና ይሞላል። አንዴ ሰላሳ አራት ተኩል። ሁለቴ። ሶስተኛው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ስንዴው አለቀ። መቶ ኪሎ! ጎረምሶቹ ጮሁ። ሁለት መቶ ሰው ነበር፤ እሺ፣ ሃያ። ባለሚዛኑ "ሚዛኖቹ ተበላሽተው ነው፣ አላወቅኩም" ይላል። እንዴት ያሉ ጨዋ ሚዛኖች ናቸው! ሁለቱም ሲበላሹ ወደ አንድ ሰው ኪስ ብቻ ነው የተበላሹት። ለኦቦ ቱፋ የመቶውን ከፈለ፤ ሃያውም ሰው የራሱን ሊያስመዝን ተሰለፈ፤ የኔ ጆንያ እስከ ከሰዓት በኋላ እዚያ ተሰቅሎ ዋለ።

ቅጥቅጡ መቼ እንደሄደ አላየሁም።

ድንኳኑ ተሸጠ። ሰፊው ቃሉን ጠብቆ ማታውኑ ለሌላው እድር ሰጠው፤ ለኛ አዲስ እስኪሰፋ እንጠብቃለን። እድሩ ተሰብስቦ ፈረደብኝ፤ ሃምሳ ብር ቅጣት። እትዬ ዘነበች በቀይ እስክሪብቶ ነው የጻፈችው። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ዐርፈው፣ በዚያ ወንፊት ስር ዣንጥላ ዘርግተን ተቀመጥን። ዝናቡ ጠብ ባለ ቁጥር የሚያዩት ሰማዩን አይደለም፣ እኔን ነው። የሟች ልጅ ነጠላ ረጥቦ ከትከሻዋ ላይ ሲንጠባጠብ አይቼ እኔም ራሴን ጠየቅኩት። አጥፍቻለሁ ወይ? አጥፍቻለሁ። አሁንም ቢሆን ያንኑ አደርግ ነበር ወይ? እሱን አትጠይቁኝ፣ ደሜ ይነሳል።

ሳንቲሙ አልጋዬ ስር ተቀምጧል። ታዲያ የሚያስቀው፣ ቅጣቱን እጃቸውን አውጥተው ካጸደቁት ሴቶች አራቱ ሲመሽ አንድ በአንድ በጓሮ በር መጡ። "ሸዋዬ፣ አንድ ቋጠሮ አውሺኝ፤ ያ ቅቤ ሻጭ ያጭበረብረኛል መሰለኝ።" "ሸዋዬ፣ ያ የሽንኩርቱ ልጅ..." ራሷ እትዬ ዘነበችም መጣች፣ ፊቷን በነጠላ ሸፍና፣ እኔ የማላውቃት ይመስል። ሰጠኋቸው። ገበያው ውስጥ ስድስት መቶ ሰማንያ ግራም ስትባሉ የኔ ቋጠሮ ነው። ስንት ነጋዴ እንደተጋለጠ እግዜር ይወቀው። አራቱም ያንኑ አንድ ቋጠሮ በየተራ ወሰዱ፣ በየተራ መለሱ፣ ምረቃውም ለጉድ ነው።

ትናንት ኦቦ ቱፋ ደወለልኝ። ገሰራ ላይ አንድ ሌላ ሚዛን ተጠርጥሯል፣ ነገ መጥቶ ቋጠሮውን ሊወስድ ነው። እኔም አውጥቼ ቆጠርኩት፤ ገንዘብ ያዥ አይደለሁ? ዘጠና ሰባት።

እንደገና ቆጠርኩ። ዘጠና ሰባት።

አራቱንም ጠርቼ ጠየቅኩ። አራቱም ማሉ። አንዷ በማርያም፣ አንዷ በልጇ፣ አንዷ በአላህ፣ እትዬ ዘነበች ደግሞ በእድሩ መዝገብ። ሌባ ሚዛን ሊይዙበት የወሰዱትን ሚዛን ሰረቁልኝ!

ጮህኩ። ጎረቤት እስኪወጣ ጮህኩ። ከዚያ ሲደክመኝ ከቀሚሴ ኪስ ሶስት ብር አወጣሁና ጨመርኩበት። እያጉረመረምኩ ቋጠርኩት። ሰውየው ከገሰራ ድረስ መጥቶ የጎደለ ይዞ ይሂድ?